“ልጄ ያለ አንቀልባ አይተኛም”፦ ሕፃናትን ወደ ማቆያ ከመላክ በፊት በራሳቸው እንዲተኙ ስለ ማለማመድ

በዚህ ጽሑፍ ብዙ እናቶችን ሌሊት የሚያስለቅስ፣ ነገር ግን በመካከላችን እምብዛም የማይነሣ አንድ ጉዳይ እናነሣለን። እርሱም የትንንሽ ልጆች እንቅልፍ ነው። በተለይ እናት የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ ልጁም ወደ ሕፃናት ማቆያ ወይም ወደ ሞግዚት እጅ ሲገባ፣ የአንድ ሕፃን እንቅልፍ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

ቀድሞ በደብረ ታቦርም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፣ በፋርጣም በእስቴም በላይ ጋይንትም፣ ልጅ ከእናቱ ጀርባ ወደ አያቱ ጀርባ፣ ከአያቱ ጀርባ ወደ ታላቅ እኅቱ ጀርባ እየተላለፈ ያድግ ነበር። በገጠሩ ዛሬም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በከተማው ግን ኑሮው እየተለወጠ ነው። እናት መምህርት ናት፤ ወይም ነርስ ናት፤ ወይም በባንክ ትሠራለች። አያት ሩቅ ወረዳ ቀርታለች። ታላቅ እኅት ትምህርት ቤት ትውላለች። ስለዚህ ልጁን የሚቀበል ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ጊዜውም አጭር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ከሦስት ወር በኋላ እናት ቢሮ ናት፤ ልጁ ግን ገና ያለ እናቱ ጡትና ያለ እናቱ ጀርባ እንቅልፍ አያውቅም።

በማቆያ ውስጥ ያለው ሁኔታ ከቤት ይለያል። አንዲት ተንከባካቢ ብዙ ልጆችን ትይዛለች። ፍራሾች በአንድ ክፍል ውስጥ በተርታ ይነጠፋሉ፤ ቀትር ላይ ሁሉም በአንድነት እንዲተኙ ይደረጋል። ተንከባካቢዋ አንዱን አዝላ ሌሎቹን ልታስተኛ አትችልም። በጀርባ ላይ ብቻ መተኛት የለመደ ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለቅሳል፤ ደክሞ ይውላል፤ የደከመ ልጅ ደግሞ ምግብ እንቢ ይላል፤ ማታ ቤት ሲገባ ይነጫነጫል፤ ሌሊቱን ሁሉ ጡት ይፈልጋል። እናትም ሳትተኛ አድራ ሥራ ትገባለች። እንዲህ ያለው ነገር ለሳምንታት ሲቀጥል ሥራዋን ለመተው የምታስብ እናት ጥቂት አይደለችም። ይህን አስቀድሞ በማለማመድ ማቅለል ይቻላል።

በራሱ መተኛት ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሕፃንን በጨለማ ክፍል ውስጥ ለብቻ ዘግቶ መተው ይመስለዋል። “ይህ የፈረንጅ ሥርዓት ነው፤ ለእኛ አይሆንም” የሚሉም አሉ። እኛ ግን የምንናገረው ስለዚህ አይደለም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ለሕፃኑ የተለየ ክፍል ከየት ያመጣል? ደግሞም አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ይመክራል።

በራሱ መተኛት ማለት ልጁ እንቅልፍ ሲመጣበት ሳይታዘል፣ ሳይወዘወዝ፣ ጡት በአፉ ሳይኖር ዓይኑን መክደን መቻሉ ነው። እናቱ ወይም ሌላ የሚያምነው ሰው በአጠገቡ ሊኖር ይችላል። እንቅልፉን ግን ራሱ ያገኘዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3 ላይ ብላቴናው ሳሙኤል ለብቻው ተኝቶ እናያለን፤ ሲጠራ ግን ሦስት ጊዜ ሮጦ የሄደበት ዔሊ በአቅራቢያው ነበረ። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፦ የራሱ መኝታና በአቅራቢያው የሚገኝ ሰው።

ልጆች የሚተኙበት ሁኔታ ከአገር አገር ይለያያል። በ2010 እ.ኤ.አ. በ17 አገሮችና ግዛቶች በሚኖሩ ከሦስት ዓመት በታች በሆኑ 29,287 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ከወላጅ ጋር በአንድ አልጋ የሚተኙት በኒውዚላንድ ከመቶ 6 ያህል ሲሆኑ፣ በቬትናም ግን ከመቶ 83 ያህል ነበሩ። ስለዚህ ከልጅ ጋር መተኛት የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ነገር ግን ልጁ ሌላ ቦታ ሊውል ነውና ሌላም መንገድ መልመድ ይኖርበታል።

የሕፃን እንቅልፍ እንዴት ያለ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቀንና በሌሊት ያለው እንቅልፍ ተደምሮ፦

– ከ0 እስከ 3 ወር ላለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት
– ከ4 እስከ 11 ወር ላለ ከ12 እስከ 16 ሰዓት
– 1 እና 2 ዓመት ለሆነው ከ11 እስከ 14 ሰዓት
– 3 እና 4 ዓመት ለሆነው ከ10 እስከ 13 ሰዓት

እንደሚያስፈልግ ገልጿል። የሁለት ዓመት ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሣ የሌሊት እንቅልፉ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን ካልተኛ ብዙ ይጎድለዋል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሌሊትና ቀን አይለይም። ይህን መለየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የሕፃን እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። በግምት በየ50 እና በየ60 ደቂቃው እንቅልፉ ይሳሳል፤ ልጁም ጥቂት ይባንናል። ይህ በሁሉም ልጆች ላይ የሚሆን ነው። “ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ለጥ ብሎ ያድራል” የምትል እናት ልጅም ይባንናል፤ ነገር ግን ማንንም ሳይጠራ ተመልሶ ይተኛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በጀርባ ላይ እየተወዘወዘ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ሲባንን ራሱን በፍራሽ ላይ ያገኘዋል። እናት የለችም፤ ሙቀቱ የለም፤ መወዛወዙ የለም። እኛም በአልጋችን ተኝተን በረንዳ ላይ ብንነቃ እንደነግጥ ነበር። ስለዚህ ያለቅሳል፤ መጀመሪያ የተኛበትን ሁኔታ መልሱልኝ ማለቱ ነው። በፍራሹ ላይ እያወቀ የተኛ ልጅ ግን ሲባንን ሁሉንም እንደነበረ ያገኘዋልና ተመልሶ ያሸልባል።

አንቀልባ ይጣል ማለት ነውን?

አይደለም። አንቀልባ ሕፃኑን ያሞቃል፤ ከእናቱ ልብ ጋር ያቀራርበዋል፤ ለእናትም እጇን ለሥራ ይፈታላታል። እሹሩሩ ማለትም ልጅን ከማረጋጋት በላይ ቋንቋ ያስተምራል። ጡት ማጥባትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቀጥል በረከት ነው። ማቆያ ሊገባ ነው ብላችሁ እሬት ቀብታችሁ በድንገት ጡት አታስጥሉት። ከእናቱ የሚለይበትና ጡት የሚተውበት ጊዜ አንድ ላይ ከመጣበት ኀዘኑ እጥፍ ይሆንበታል። ሐናም ልጇን ለመቅደሱ አሳልፋ የሰጠችው ጊዜውን ጠብቃ፣ ጡት ካስጣለችው በኋላ እንደሆነ እናነባለን።

የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቀልባና ጡት የእንቅልፍ መግቢያ በር መሆናቸው ይቀራል። ልጁ ነቅቶ ሳለ ይታዘል፤ ነቅቶ ሳለ ይጥባ፤ ሊተኛ ሲል ግን ወደ መኝታው ይውረድ።

መቼ ይጀመር?

ከአራት ወር በታች ላለ ሕፃን እንቅልፍ ማለማመድ የሚባል ነገር የለም። ሲርበው ማጥባት፣ ሲያለቅስ ማንሣት ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስት ወር ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ልጇን በራሱ እንዲተኛ ለማስገደድ አትሞክር። በዚህ ዕድሜ የሚጠቅመው የሚይዘው ሰው እንዳይለዋወጥበት ማድረግ፣ የታለበ የጡት ወተት ማዘጋጀት፣ ቀን በብርሃንና በጨዋታ፣ ሌሊት በጨለማና በጸጥታ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ጠግቦና ተረጋግቶ ሳለ ዓይኑ ሳይከደን በመኝታው ላይ ማስተኛት ይቻላል። ካለቀሰ ይነሣ።

ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ጤናማና ክብደቱ በደንብ የሚጨምር ልጅ መልመድ ይችላል። ሌሊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጥባቱ ግን በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነውና አይከልከል።

ከስምንት ወር ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ልጆች ከእናታቸው መለየትን አጥብቀው ይፈራሉ። ይህ የአእምሯቸው ዕድገት ምልክት እንጂ ቅብጠት አይደለም። ማቆያው የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ከሆነ ልምምዱ ቀደም ብሎ ይጀመር፤ በዝግታም ይሁን። ልጁ ሲታመም፣ ጥርስ ሲያወጣ፣ ቤት ስትቀይሩ ወይም አዲስ ሕፃን ሲወለድ ልምምዱን አቁማችሁ ቆዩ።

የስድስት ሳምንት ልምምድ

ማቆያው ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት ያህል በፊት መጀመር መልካም ነው። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንደሚባለው አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አትለፉ።

1ኛ ሳምንት፦ ሰዓት ማጽናት። በአገራችን የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለያይ ይህ ይቀልለናል። ልጁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሣ፤ በተመሳሳይ ሰዓት ይተኛ። ለምሳሌ ከምሽቱ 12፡30 ራት፣ 1፡00 ፊቱንና እግሩን በሞቀ ውሃ መታጠብ፣ 1፡15 የሌሊት ልብስ፣ 1፡20 ጸጥ ያለ ጨዋታ ወይም ተረት፣ 1፡35 አጭር ጸሎትና መዝሙር፣ 1፡45 መኝታ። በብርዱ ምክንያት ገላውን በየማታው ማጠብ አያስፈልግም፤ ዋናው ቅደም ተከተሉ በየማታው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ 405 እናቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ በየማታው አንድ ዓይነት የመኝታ ሥርዓት ለሁለት ሳምንት የተከተሉ ልጆች ቶሎ መተኛት እንደጀመሩ፣ ሌሊትም መንቃታቸው እንደቀነሰ፣ የእናቶቹም መንፈስ እንደተሻለ ታይቷል።

2ኛ ሳምንት፦ ጡትንና እንቅልፍን መለየት። የመጨረሻውን ጡት ከመታጠቡ በፊት አጥቡት። ከጡት በኋላ ሌላ ነገር ይምጣ፤ መታጠብ ወይም ጸሎት። እየጠባ ካንቀላፋ ቀስ ብላችሁ አንቁትና ወደሚቀጥለው አልፉ።

3ኛ ሳምንት፦ ከጀርባ ወደ ፍራሽ። እንቅልፍ ሲጫጫነው፣ ነገር ግን ገና ሳይተኛ በመኝታው አጋድሙት። እጃችሁን በደረቱ ላይ አድርጉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ እሹሩሩ በሉት። ካለቀሰ በተኛበት አባብሉት። ካልተረጋጋ አንሡት፤ ሲረጋጋ መልሳችሁ አጋድሙት። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ይህ አሥር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ አትሰልቹ።

4ኛ ሳምንት፦ መራቅ። እጃችሁን አንሥታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በርጩማውን ትንሽ አርቁት፤ ከዚያም ወደ በሩ። የእናንተን ድምፅና የቤቱን ጓዳ ጓዳ እየሰማ መተኛት ይለምዳል።

5ኛ ሳምንት፦ ሌላ እጅ። እስከ አሁን ያስተኛችው እናት ከሆነች አሁን አባት ያስተኛው። አባት ጡት የለውምና ብዙ ልጆች ከእርሱ ጋር ይህን ቶሎ ይለምዳሉ። ሞግዚት ካለችም ተራ ትግባ። የቀን እንቅልፉንም ማቆያው በሚያስተኛበት ሰዓት አድርጉት። ከዓመት በታች ያሉ ልጆች ቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይተኛሉ፤ ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ግን አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቀትር በኋላ ይተኛሉ።

6ኛ ሳምንት፦ ከማቆያው ጋር መተዋወቅ። መጀመሪያ ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ለብቻው አንድ ሰዓት፤ ከዚያ እስከ ምሳ፤ በመጨረሻ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ። ስትሄዱ ተደብቃችሁ አትሂዱ። “እማዬ ሥራ ሄዳ ትመለሳለች” ብላችሁ፣ ስማችሁት ሂዱ፤ ባላችሁትም ሰዓት ተመለሱ። ልጅ የሚያምነው የተነገረውን ሲያይ ነው።

ስለ ልቅሶ

ልጅን ሲያለቅስ መተው ይገባልን? ይህ ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን የተደረገ አንድ ጥናት በዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። በሰባት ወራቸው የእንቅልፍ ችግር የነበረባቸው 326 ልጆች ተመርጠው የአንዳንዶቹ ወላጆች ሁለት መንገድ ተማሩ። አንዱ ልጁን ለአጭር ጊዜ ትቶ እየተመለሱ ማባበል ነው፤ ሁለተኛው አጠገቡ ተቀምጦ ቀስ በቀስ መራቅ ነው። ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እንደገና ታዩ። ውጤቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጠባያቸው፣ በስሜታቸው፣ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ፍቅር ካልተማሩት ጋር ልዩነት አልተገኘባቸውም። ጉዳት አልታየም፤ ለዓመታት የቀረ የተለየ ጥቅምም አልታየም። ጥቅሙ በዚያው በአስቸጋሪው ወቅት ለልጁና ለእናቱ የሚሰጠው ዕረፍት ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የመረጥነው ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ ለአንድ ክፍል ቤትም የሚስማማው እርሱ ነው። ግድግዳው ስስ በሆነ፣ ጎረቤትም በሚሰማበት ግቢ ውስጥ ሕፃንን ለረጅም ጊዜ ማስለቀስ አይቻልም። ነገር ግን ጥቂት ማልቀስና መተው አንድ አይደሉም። ልጁ ለውጡን እየተቃወመ በእናንተ ፊት ቢያለቅስ ብቻውን አይደለም።

የደጋው ሌሊትና የልጁ ደኅንነት

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ላይ የምትገኝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቷ ብርዳም ነው። ስለዚህ “ለብቻው ከተኛ ይበርደዋል” የሚለው የእናቶች ስጋት እውነተኛ ነው። ብርዱን ስንከላከል ግን ሌላ አደጋ እንዳናመጣ እንጠንቀቅ።

በመጀመሪያ የከሰል ማንደጃ ነው። የተቀጣጠለ ከሰል መኝታ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳያውቀው ይወሰዳል። ጭሱ ስላለቀና ፍሙ ስለቀላ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ቤቱን ለማሞቅ ከፈለጋችሁ በሩን ከፍታችሁ አሙቁ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡ።

ሁለተኛው ፊትን መሸፈን ነው። “ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይነካው” ተብሎ የተኛ ሕፃን ፊቱ በጋቢ ይሸፈናል። ይህ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ስለሚችል ይቅር። ይልቅ ልብስ ደርቡለት፤ ካልሲ አድርጉለት፤ ብርድ ልብሱ ከደረቱ በላይ አይውጣ። በርዶት ወይም ሞቆት እንደሆነ እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳብሱ።

ሦስተኛው አተኛኘቱ ነው። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ፍራሹ ጠንከር ያለና የማይሰረጉድ ይሁን፤ ትራስ አይደረግለት። ከእናንተ ጋር በአንድ አልጋ የሚተኛ ከሆነ፣ መጠጥ የጠጣ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይተኛ። ከአራት ወር በታች ለሆነው ወይም ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደው አደጋው ይበልጣል። ትንሽ ፍራሽ ከአልጋችሁ አጠገብ ብታነጥፉለት፣ ወይም መደብ ባለበት ቤት በእናቱ አጠገብ የራሱን ቦታ ብትለዩለት ሙቀቷም ድምፅዋም አይርቀውም።

በጣና ዙሪያ ባሉት ቆላማና ሜዳማ ቦታዎች፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ለምትኖሩ ደግሞ የልጁ አዲስ መኝታ አጎበር ይኑረው። ቁንጫና ትኋን ያለበት ፍራሽም ልጅን አያስተኛም፤ ፀሐይ ላይ አውጡት፤ አንሶላውን በፈላ ውሃ እጠቡ። ከቀትር በኋላ ሻይና ቡና ለልጅ አትስጡ። እንዲተኛ ተብሎ የሳል ሽሮፕ መስጠትም ፈጽሞ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቴሌቪዥንና ስልክ ማሳየትን አይመክርም፤ ለመኝታ ማባበያማ ይልቁን አይሁን።

“ጅቦ መጣልህ!”

ልጅ አልተኛም ሲል “ዝም በል፣ አያ ጅቦ ይመጣል” ማለት በየቤቱ የተለመደ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጅቡ በእርግጥ ሌሊት ይጮኻል፤ ልጁም ይሰማዋል። በዚህ የሚተኛ ልጅ በፍርሃት ዝም አለ እንጂ አልተረጋጋም። ሌሊት ሲባንን የመጀመሪያው ሐሳቡ ጅቡ ነው። በማቆያም ብቻውን ሲጋደም ይኸው ፍርሃት ይከተለዋል። መኝታን የማስፈራሪያና የቅጣት ቦታ አናድርገው። ጅቡ ሲጮኽ ከሰማ “ውጭ ነው፤ በሩ ተዘግቷል፤ እኔ አለሁ” ማለት ይበቃል።

ከጅብ የከፋም የሰሙ ልጆች አሉን። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር ደርሶ ንፋስ መውጫ ተይዛ ነበር፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰዎች ሞተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት የተኩስ ድምፅ የሰሙ ልጆች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ሌሊት እየጮኸ ሊነሣ፣ የተወውን ሽንት መልሶ አልጋ ላይ ሊሸና፣ ከእናቱ ልለይ አልፈልግም ሊል ይችላል። እንደዚህ ያለውን ልጅ ለብቻህ ተኛ አትበሉት። አጠገባችሁ ይተኛ። ቀኑን በተለመደው ሥርዓት አውሉት፤ ስለ ሰማው ነገር በአጭሩና በእውነት ንገሩት። ጸጥታው ተመልሶ ለሳምንታት ከተረጋጋ በኋላ ልምምዱ ይጀመራል። ካልተሻለው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከማቆያው ጋር መነጋገር

ልጁን ከማስገባታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ልጆች በአንዲት ተንከባካቢ እጅ ናቸው? የሚተኙት በስንት ሰዓት ነው? የት? ሲተኙ የሚጠብቃቸው ሰው በክፍሉ ውስጥ አለ ወይ? ሕፃናትን በጀርባቸው ያስተኛሉ? ከሰል በክፍሉ አለ ወይ? ልጁ ካልተኛ ምን ይደረጋል?

እናንተም የምትነግሯቸው አለ። በቤት የምታደርጉትን የመኝታ ቅደም ተከተል፣ የምትሉትን መዝሙር፣ እንቅልፍ ሲመጣበት የሚያሳየውን ምልክት ንገሯቸው። አንዱ ጆሮውን ይጎትታል፤ ሌላው ዓይኑን ያሻል፤ ሌላው ድንገት ይቅበጠበጣል። ከዓመት በላይ ለሆነው ልጅ የእናቱ ሽታ ያለበት ቁራጭ ነጠላ ማስያዝ ይረዳል። ለሕፃኑ ግን በመኝታው ውስጥ ምንም ልል ጨርቅ አይቀመጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ማቆያ የሚውል ልጅ ማታ ይበልጥ ይጣበቃል፤ የተወውን ጡት ሌሊት ሊጠይቅ ይችላል። ልምምዱ ፈረሰ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀኑን ሙሉ የጎደለውን መያዝና መታቀፍ ማታ ይፈልጋል። ከሥራ ስትገቡ ወደ ጓዳ ከመሄዳችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል እቀፉት፤ እዘሉትም። የመኝታ ሰዓቱን ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉት።

ልጁ ሲተኛ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ወይም ቀን ሁሉ ድንዝዝ ብሎ ከዋለ የልምምድ ጉዳይ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ሐኪም ይየው።

ለአባቶች፣ ለአያቶችና ለጉባኤው

ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። አባት በየማታው አንዱን ድርሻ ይያዝ፤ እግር ማጠቡን ወይም ጸሎቱን። አያት “ልጁን አስጨነቃችሁት” ብላ ብታዝለው አትቆጧት፤ እርሷ ያሳደገችው በዚህ ነው። ቀድማችሁ ምክንያቱን አስረዷት፤ ተረቱንና እሹሩሩውን ለእርሷ ስጧት፤ ከእርሷ የተሻለ ተራች የለምና።

እንደ ጉባኤም ልንረዳ እንችላለን። የምሽት የቤት ኅብረቶች ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ሲሆኑ ቀደም ብለው ቢጀመሩና ቢያልቁ፣ በአዳር ጸሎት ጊዜ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ የልጆች መኝታ ቦታ ቢዘጋጅ፣ ጡረታ የወጡ እናቶቻችን አዲስ ወደ ሥራ የተመለሰችን እኅት በሳምንት አንድ ቀን ቢያግዟት ብዙ ሸክም ይቀላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ በአንድ ሌሊት አይለምድም፤ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አይወዳደርም። አንዱ በሳምንት ይለምዳል፤ ሌላው ሁለት ወር ይፈጅበታል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ግን አንዱን ነገር ማጽናት ትችላላችሁ፤ የመኝታ ሰዓቱን። የቀረው ቀስ በቀስ ይከተላል። ጌታ ለእናንተም ለልጆቻችሁም የሰላም እንቅልፍ ይስጣችሁ።